የእህቴን እጮኛ ወንድሜ ያደረገው ስልክ

ሰው እህቱ ስትዳር ወርቅ ይሰጣል። ወርቅ ያጣ ምንጣፍ ይሰጣል፤ ምንጣፍም ያጣ እስክስታ ወርዶ ላቡን ይሰጣል። እኔ ለእህቴ ለያፋ የሰጠኋት ወንድም ነው። ያውም ከውጭ ያመጣሁት አይደለም፤ ልታገባው ያሰበችውን ዳኒን፣ ሽማግሌ በተቀመጠበት፣ ዓርብ ከሰዓት፣ ሰንበት ሊገባ ሲል፣ ስልክ በጣቴ ነካ አድርጌ ወንድሟ አደረግሁላት። ቤታችሁ ውስጥ እንደኔ ያለች ታናሽ እህት ካለች ማንበቡን አቁሙና ሄዳችሁ ቻርጀሯን ደብቁ። ከዚያ ተመለሱ፤ እጠብቃለሁ።

አባባ፣ የአባቴ አባት፣ “ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ” ይላሉ፤ ስለዚህ ከሥሩ ልጀምር። ፊደል ያስቆጠሩኝም እሳቸው ናቸው፤ ሱፐርማርኬቱ በየሳምንቱ በራችን ላይ በሚጥለው የማስታወቂያ ወረቀት ጠርዝ ላይ፣ ከዶሮ ክንፍ ሥዕል አጠገብ። አሁን አማርኛ መጻፍ ከቻልሁ ወዲህ ማን ያቆመኛል? በዕብራይስጥ ሦስት መስመር ላይ የሚያልቅብኝ ነገር በአማርኛ ሲሆን መንገድ ላይ ጎረቤት ሰላም እያለ፣ ያየውን እያማ፣ አንዳንዴም ቁጭ ብሎ እያረፈ ይሄዳል። ደስ ይላል። የምጽፈው ነገር ግን ደስ አይልም፤ ካሁኑ ልንገራችሁ።

እኛ ዘንድ ሁለት ሰዎች ሊጋቡ ሲሉ ይዋደዳሉ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። የሚጠየቀው ዘር ነው። የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ይቀመጡና አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ እስከ ሰባት ይቆጥራሉ። በሰባቱ ውስጥ አንድ ሰው ከሁለቱም በኩል ብቅ ካለ ጋብቻው ቀረ፤ እስከዚያ ድረስ ያለ ሁሉ ወንድምና እህት ነው። ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ ይህን ስነግራቸው “ታዲያ ማን ተረፋችሁ?” ይሉኛል። ጥያቄውን ለያፋ አድርሼላት አውቃለሁ፤ ጫማ ወረወረችብኝ። ምክንያቱም ያፋ ከዳኒ በፊት ሁለት ልጆች ወዳ ነበር። የፊተኛው በአምስተኛው አባት ዘመድ ሆኖ ተገኘ። የኋለኛው በስድስተኛው፤ ለጥቂት!

“ሦስተኛውም ዘመድ ከሆነ” አለች ያፋ፣ “ሌላ አልፈልግም። እዚሁ እናንተው ላይ አረጃለሁ።”

ያፋ እናንተ ላይ ብታረጅ ምን ማለት እንደሆነ አታውቁም። እኔ ከእሷ ጋር አንድ ክፍል ስለምተኛ አውቃለሁ። እንግዲህ ለዳኒ ከእኔ በላይ የጸለየ ሰው አልነበረም።

በዚያው ሰሞን እኔ ቂርያት ቫይዝማን በሚባለው የቴክኖሎጂ መንደር ካሉት የመስታወት ሕንጻዎች በአንዱ ከትምህርት በኋላ የሚሰጥ፣ ሑግ የሚሉት ኮርስ ገብቼ የስልክ መተግበሪያ መሥራት እማር ነበር። ሌሎቹን ልጆች ወላጆቻቸው በመኪና ያደርሷቸዋል። የኔ ወላጅ ግን ቀድማኝ እዚያ ናት፤ እማዬ ሕንጻውን ታጸዳለች። በኮሪደሩ ስንተላለፍ “ልጄ ኢንጂነር ልትሆን ነው” የምትል እንዳይመስላችሁ። “ማስቲካሽን ከጠረጴዛው ሥር ለጥፈሽ እንዳላገኝ” ነው የምትለኝ።

የሚያስተምረን ሮኒ የሚባል፣ ክረምት ከበጋ በነጠላ ጫማ የሚሄድ ልጅ ነው። እያንዳንዳችን የራሳችንን መተግበሪያ እንድንሠራ አዘዘን። አንዷ ውሻ ለሚያናፍሱ ሰዎች ሠራች፤ ሌላዋ የጥፍር ቀለም መምረጥ ላቃታቸው። እኔ ዘር የሚቆጥር እሠራለሁ አልሁ።

“ዋው” አለ ሮኒ። “ሰዎችን የሚያገናኝ ማለት ነው?”

“አይደለም፤ የሚያለያይ።”

“ቤሰደር” አለ። ቤሰደር እሺ ማለት ነው፤ እሱ ሲለው ግን ‘ቤት ውስጥ ሰላም ነው?’ የሚል ይመስል ነበር።

ሐሳቡ ቀላል ነው። የመጀመሪያው ስክሪን ላይ የልጁ ሰባት አባቶች ይጻፋሉ፤ ሁለተኛው ላይ የልጅቷ፤ ሦስተኛው ስክሪን ያወዳድርና ወይ አረንጓዴ ወይ ቀይ ይሆናል። አረንጓዴ ከሆነ እልል በሉ። በእናትም በኩል መቆጠር እንዳለበት አልጠፋኝም። ግን ለእናቶች ሌላ ስክሪን ያስፈልግ ነበር፤ እንደ ልማዱ ለእናቶች ቦታ አልተረፈም።

ከባዱ ነገር ማሻገሩ ነው። ስክሪኖች ጎን ለጎን ስለተቀመጡ የሚተዋወቁ እንዳይመስላችሁ። አንዱ ሲዘጋ የያዘውን ይዞ ይሞታል፤ ቀጣዩ ሲከፈት ምንም አልሰማሁም ይላል፣ ልክ እንደ መንግሥት መሥሪያ ቤት። ስለዚህ በመካከላቸው መልእክተኛ ትልካላችሁ። መልእክተኛው ከረጢት አለው። ከረጢቱ ውስጥ በምታስገቡት ዕቃ ላይ ስም ትለጥፋላችሁ፤ ወዲያ ማዶ ያለው ስክሪን ያንኑ ስም ጠርቶ ይቀበላል። ጎንደር ለሚሄድ ሰው ዕቃ ሰጥታችሁ የምታውቁ ከሆነ ከዚህ በላይ የሚያስተምራችሁ የለም። ስም ሳትለጥፉ የላካችሁት ጫማ በማን እግር ላይ እንደሚገኝ ታውቃላችሁ።

መጀመሪያ የሞከርሁት በአባዬ ስም ነበር። “አለነ” ብዬ ጻፍሁ፣ ተጫንሁ። ሁለተኛው ስክሪን “ናል” ብሎ ወጣ።

“ናል ማን ነው?” አለ አባዬ ከኋላዬ ቆሞ። “እንዲህ የሚባል ዘመድ የለንም።”

“ባዶ ማለት ነው፣ አባዬ። ምንም አልደረሰኝም ማለቱ ነው።”

“እኔን ነው ባዶ ያለኝ?”

የተቆጣ መስሎኝ ነበር። አልተቆጣም። ሶፋው ላይ ተቀምጦ ለረጅም ጊዜ ካሰበ በኋላ “እንግዲህ አንድ ነገር አይቶ ይሆናል” አለ።

አባዬንና ኮምፒዩተርን ሳላስተዋውቃችሁ ብቀጥል የሚመጣው ነገር አይገባችሁም። እነአባዬ እዚህ አገር የገቡ ጊዜ አንዲት ጸሐፊ መቼ እንደተወለዱ ጠየቀቻቸው። አባዬ “አዝመራ ሲሰበሰብ” አለ። ታላቅ ወንድሙ፣ አጎቴ፣ “ትልቁ በረዶ የጣለ ዓመት” አለ። ጸሐፊዋም በረዶና አዝመራ የሚጻፍበት ቦታ ስላልነበራት ከራሷ ዓመት ሰጠቻቸው፤ አባዬን የታላቅ ወንድሙ ታላቅ አድርጋ። ተሳስተሻል ብለው ተመልሰው ቢሄዱ “ምን ላድርግ፣ ኮምፒዩተሩ እንዲህ ይላል” አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ በዓል በመጣ ቁጥር አጎቴ ለአባዬ ከወንበር ይነሣለታል። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር። አሁን እንጃ።

በአጭሩ፣ እኛ ቤት “ኮምፒዩተሩ እንዲህ ይላል” ከተባለ ይግባኝ የለውም።

የቆጠራው ዓርብ ደረሰ። የዳኒ ወገን ነስ ጺዮና ከምትባለው ከተማ መጡ። አባቱ ፈረደ በሕይወት ስለሌለ የመጡት የአባቱ ታላቅ ወንድም አባ እንግዳውና እናቱ እትዬ እናኑ ናቸው። አባ እንግዳው ነጭ ባርኔጣ ያደረጉ፣ ሲስቁ ትከሻቸው ብቻ የሚስቅ ሽማግሌ ናቸው። ዳኒ ራሱ፣ ሙሽራ በቆጠራ ላይ አይቀመጥምና፣ ከሕንጻው ሥር መኪናው ውስጥ ቀረ። ያፋም በዚያው ሕግ ኩሽና ናት። በሩን ግን እንዳልዘጋችው አይቻለሁ።

አባባ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሊጀምሩ ሲሉ አባዬ እጁን አነሣ።

“ልጄ ዘር የሚቆጥር ኮምፒዩተር ሠርታለች። ቂርያት ቫይዝማን ነው የምትማረው።” ይህን ሲል ሕንጻዎቹን ሁሉ እኔ ያቆምኋቸው ይመስል ነበር። እማዬ ወደ ጣሪያው አየች፤ የሕንጻዎቹን መስታወት ማን እንደሚወለውል የምታውቅ እሷ ናት።

“ምን ቸገረን፣ አፍ አለን” አሉ አባባ።

“አይ፣ እስቲ ታምጣው” አሉ አባ እንግዳው። “እኔም ሰሞኑን ቁልፌን ያስቀመጥሁበት እየጠፋኝ ነው። የሚያስታውስ ነገር አይጠላም።”

አባ እንግዳው የነሱን ሰባት ነገሩኝ፤ ጻፍሁ። አባባ የኛን ሰባት ነገሩኝ፤ ጻፍሁ። ልክ ልጫን ስል አባ እንግዳው “አባቶቼ ምን መስለው ተጻፉ? አሳዪኝ” ብለው ስልኩን ከእጄ ወሰዱ። አርቀው ያዙት፣ አቀረቡት፤ ከዚያ እንደ ፎቶግራፍ አጋደሙት።

ይህ ስልክ ሲጋደም ስክሪኑ እንደ አዲስ ይከፈታል። እንደ አዲስ የተከፈተ ስክሪን ደግሞ ምንም አልሰማም።

“የት ሄዱ?” አሉ አባ እንግዳው። “አሁን እዚህ ነበሩ! አባቶቼን ምን አደረግሻቸው?”

“አባ፣ ስልኩ ሲጋደም ይረሳል።”

“ታዲያ እኔም ስጋደም ነው የምረሳው” አሉ አባባ። “ምኑን አሻለን?”

ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን ፊቴ ጋለ። “አንድ ደቂቃ ብቻ” ብዬ ወደ ክፍሌ ሮጥሁና ኮምፒዩተሬን ከፈትሁ። ስክሪኑ ቢጋደምም እንዳይረሳ የሚያደርግ ነገር የመጀመሪያው ስክሪን ላይ ጻፍሁ። ለሁለተኛው እንደገና ከምጽፍ ብዬ ያንኑ ቀድቼ ለጠፍሁ። እማዬ በበሩ “ቶሎ በይ፣ ሰንበት ሊገባ ነው” ትላለች። ሰንበት ከገባ ስልክ አይነካም። ያላ ያላ እያልሁ ጨርሼ ወጣሁ።

እንደገና ነገሩኝ፤ እንደገና ጻፍሁ። አባ እንግዳው አጋደሙት፣ አልጠፋም። ገለበጡት፣ አልጠፋም። “ጎበዝ!” አሉኝ። ደስታዬ ከግንባሬ ላይ ይነበብ ነበር። ተጫንሁ።

አንድ ነገር ረስቻለሁ። ቀይ ሲሆን ዝም ብሎ ቀይ እንዳይሆን ብዬ ድምፅ ጨምሬበት ነበር። ከኢንተርኔት ያገኘሁት አስደንጋጭ ድምፅ ደግሞ ሮኬት ሲመጣ በከተማው የሚጮኸው የአዛካ ድምፅ ነበር። ስክሪኑ ቀላ፤ ስልኩ ጮኸ። እትዬ እናኑ ቦርሳቸውን አፍሰው “ማማዱ የት ነው?” እያሉ ከሮኬት መሸሸጊያው ክፍል ገብተው የብረቱን በር በራሳቸው ላይ ዘጉ።

እኔ ድምፁን ለማጥፋት ስታገል አባዬ መነጽሩን አድርጎ በዕብራይስጥ የጻፍሁትን ቃል በቃል እየተረጐመ አነበበ።

“ወንድም... እና... እህት... ናቸው። በአንደኛው... አባት... ይገናኛሉ።”

ድምፁ ጠፋ። 

“አንደኛው አባት ማን ነው?” አለች እማዬ።

“አንደኛው አባትማ” አሉ አባባ፣ ምን እየተናገሩ እንደሆነ ሳያስቡት፣ “ራሱ አለነ ነዋ።”

ሁሉም ወደ አባዬ ዞሩ። አሁን ሌላ አባት ቢሆን “ይህ ዕቃ ዐብዷል” ይል ነበር። አባዬ አላለም። ኮምፒዩተር ነው የተናገረው። አንገቱን ደፍቶ ማስታወስ ጀመረ!

“አለነ” አለች እማዬ። እማዬ አባዬን የምትጠራው “የያፋ አባት” ብላ ነው፤ በስሙ ስትጠራው ሰምቼ አላውቅም። “አዲስ አበባ አውሮፕላኑን ስንጠብቅ፣ ወሬ ልስማ እያልህ የምትወጣው ይኼን ነው?”

“ኧረ በእግዜር! ወሬ ነበር የምሰማው!”

“ወሬውማ ይኸው አድጎ መኪና ይነዳል።”

ዳኒ የተወለደው አዲስ አበባ ነው፤ የሁለታችንም ቤተሰብ እዚያ ይጠብቅ በነበረበት ዓመት። ይህ ነገሩን አላቀለለውም። እትዬ እናኑ የማማዱን በር ገፍተው የወጡት በዚህ መካከል ነው።

“ማንን ነው የምትሉት? እኔን ነው?” አሉ። “እኔ ይህን ሰውዬ ገና ዛሬ ማየቴ ነው! ያውም ደስ ሳይለኝ!”

“እኔና አንተ በአፋችን ቆጥረን አልተገናኘንም እኮ” አሉ አባባ ወደ አባ እንግዳው።

“በአፍ የሚቆጠረው በአፍ የተነገረው ነው” አሉ አባ እንግዳው፤ ባርኔጣቸውን አነሡ። “ይኼ ያልተነገረውን ነው ያወጣው። ወንድሜ ከሞተ በኋላ የቀረለት አንድ ልጁ ነበር። እሱንም ወሰዳችሁበት።”

ስልኬ እጄ ላይ ነዘረ። ዳኒ ነው፣ ከመኪናው፦ “እህስ? ምን አሉ?”

በድንጋጤ ጣቴ “ወንድሜ ነህ” ብሎ ጻፈለት። ልጁ ምን ያድርግ፤ “አንቺም እህቴ ነሽ” ብሎ ሦስት ልብ ላከልኝ።

ኩሽናው በር ላይ ያፋ ቆማለች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ በተሻለኝ። እኔን እያየች “ሦስተኛ” አለች ብቻ።

ወደ ክፍሌ ስሮጥ ወንበር ጥዬ አለፍሁ። ኮምፒዩተሬን ስከፍት ነው ያየሁት። ከመጀመሪያው ስክሪን ቀድቼ ሁለተኛው ላይ ስለጥፍ ስሙን አልቀየርሁትም፤ ሁለቱም ዕቃ ላይ “አባቶች” የሚል ተለጥፏል። መልእክተኛው አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ዕቃዎች ሲሰጡት ሁለቱን አይሸከምም፤ የፊተኛውን ይጥልና የኋለኛውን ይይዛል። የዳኒ አባቶች መንገድ ላይ ተጥለዋል። ሦስተኛው ስክሪን የኛን አባቶች ከኛው አባቶች ጋር አወዳድሮ፣ እውነቱን ነው፣ አንድ ናቸው አለ። በዚህ መተግበሪያ ከስዊድን ንጉሥ ጋር ብንቆጠርም ወንድማችን ነበር።

አንዱን “የልጁ አባቶች”፣ ሌላውን “የልጅቷ አባቶች” አልሁት። አሥራ አራቱን ስም ከስልኩ ስክሪን ላይ እያየሁ ኮምፒዩተሬ ላይ ሞላሁ፣ ተጫንሁ። አረንጓዴ! ኮምፒዩተሬን ታቅፌ እየጮኽሁ ወጣሁ።

“ስሕተት ነበር! የኔ ስሕተት ነው! አይገናኙም፣ አንድም ቦታ አይገናኙም፣ እዩት!”

አባ እንግዳው በሩ ላይ ደርሰው ነበር። አረንጓዴውን አዩት፤ እኔንም አዩኝ።

“የፊተኛው ሰው ሳይነካው የተናገረ ነው። ይኼኛውን ክፍልሽ ገብተሽ አበጃጅተሽ መጣሽ።”

“አባ፣ ማበጀት አይደለም፣ ማረም ነው!”

“እህትሽ ናት። እኔም ብሆን አበጅላት ነበር።”

ታያላችሁ? ሲዋሽ ኮምፒዩተር ነበር። እውነት ሲናገር የኔ ሆነ።

“እሺ” አሉ አባ እንግዳው፣ ትንሽ ለስለስ ብለው፣ “ዘር የሚቆጥር ከሠራሽ ዘርሽን ታውቂያለሽ። አንቺው በአፍሽ ቁጠሪልኝ። ከቆጠርሽልኝ አምንሻለሁ።”

ቀላል ነገር ነው። የዚያን ቀን ብቻ ደጋግሜ ጽፌዋለሁ። ቆምሁ፣ እጄን ወደ ኋላ አደረግሁ።

“የአለነ ልጅ ነኝ። አለነ የተገኘ። ተገኘ የባየ። ባየ የ...”

ባየ የማን? ጣቴ ያውቀዋል፤ አፌ አያውቀውም። አባባ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ሊያቀብሉኝ ሞከሩ፤ አልያዝሁትም። እዚያው ሰው ፊት ናል ሆንሁ።

“እንግዲህ” አሉ አባ እንግዳው፣ እጃቸው በሩ እጀታ ላይ ነው።

“ባየ የማን እንደሆነ እኔ እነግርዎታለሁ” አለ ከኩሽና በኩል ድምፅ።

ያፋ እጇ ላይ ሳሙና አለ። ልጅቷ በራሷ ቆጠራ ላይ ስትናገር ታይቶ አይታወቅም፤ እማዬ “ያፋ!” አለች፤ ያፋ አልሰማቻትም። ከአባዬ ጀምራ የኛን ሰባት ቆጠረች። ከባየ በኋላ ያሉትን እዚህ አልጽፋቸውም፤ ለምን እንደሆነ ቆይታችሁ ትደርሱበታላችሁ። የኛን ስትጨርስ ትንፋሽ ሳትወስድ የዳኒን ጀመረች። ፈረደ፣ አስረስ፣ ካሴ... አባ እንግዳው እጃቸውን ከእጀታው አነሡ። ካሴን ካለፈች በኋላ ከንፈራቸው ከእሷ ጋር ይንቀሳቀስ ነበር።

“የኛን ማን ነገረሽ? ዳኒ እንደሆነ አያውቀውም።”

“አክስቱን እየደወልሁ ጠየቅሁ” አለች ያፋ። “ሁለት ሰው ወድጄ ሁለቱም ዘመድ ሆነውብኛል። ሦስተኛውን ሳልቆጥር አልወድም ብዬ ነው።”

ያፋ የእጇን ሳሙና በቀሚሷ ጠረገች።

“ሌላም ጠይቄያለሁ። እትዬ እናኑ አዲስ አበባ የገቡት ሆዳቸው ገፍቶ ነው። ዳኒ ሲወለድ እነአባዬ ገና ከጎንደር መድረሳቸው ነበር። ዘግይታችሁ አልነበር የመጣችሁት፣ እማዬ?”

እማዬ አሰበች። “በዝናቡ ነው የመጣነው” አለች ቀስ ብላ። “አዎ፤ በዝናቡ።”

“ፋሲካን እዚያው ነው ያረገዝሁትን ይዤ የዋልሁት!” አሉ እትዬ እናኑ፣ ቦርሳቸውን ወንበሩ ላይ እየወረወሩ። “ማን ጠየቀኝና!”

አባ እንግዳው ተመልሰው ተቀመጡ። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ፤ ትከሻቸው መሳቅ ጀመረ። “ይህች ልጅ ገና ሳትገባ ገብታለች” አሉ። አባባ መረቁ፤ እማዬ እልል አለች፤ ሻማው በራ፤ ሰንበት ገባ። ዳኒን መኪናው ውስጥ ረስተነው ስለነበር መጨረሻ ላይ ራሱ አንኳኩቶ ገባ። “እህቴ!” ብሎ መጀመሪያ ያቀፈው እኔን ነው። የሳቀ ሰው የለም።

አባዬ ግን የዚያን ዕለት አንድ ነገር ተማረ። ዘግይተው መድረሳቸውን እኮ ያውቅ ነበር! እማዬ ስትፋጠው፣ አባ እንግዳው ሲነሡ፣ አፉ ውስጥ ነበር። ኮምፒዩተር የተናገረውን መቃወም እንደሚቻል ነው ያላወቀው። ሰንበት እስኪወጣ ጠበቀና አጠገቤ ተቀመጠ።

“ኮምፒዩተር ይሳሳታል ማለት ነው?”

“በጣም፣ አባዬ። ሰው ነው የሚጽፍለት።”

እሑድ ጠዋት ሸሚዙን ተኩሶ ያ ዕድሜውን የሰጡት መሥሪያ ቤት ሄደ። “ልጄ ሠርታ አይቻለሁ፣ ይሳሳታል” ብሎ ሊነግራቸው። ጸሐፊዋ ተቀይራለች፤ አሁን ያለችው ከእኔ ብዙ የማትበልጥ ልጅ ናት አለ። ቁልፉን ጠቅ ጠቅ አድርጋ ስክሪኗን አየች። ከዚያም ኮምፒዩተሩ የሚለውን አለችው። አጎቴ አሁንም ከወንበር ይነሣለታል።

እኔስ? መተግበሪያውን ሐሙስ ሮኒ ፊት ማሳየት አለብኝ። ከፈትሁት። ሁሉም ይሠራል፤ ቢያጋድሙት አይረሳም፤ መልእክተኛው የሁለቱንም ወገን ተሸክሞ ይደርሳል። ግን ማሻገር ነው እንጂ ማስቀመጥ አላስተማርሁትም፤ ሲዘጋ የያዘው ሁሉ አብሮ ሄዷል። እኔም ጻፍሁ፦ አለነ። ተገኘ። ባየ። ከዚያ አራት ባዶ ቦታ ቁጭ ብሎ ያየኛል፤ ካልሞላሁት አያሳልፈኝም። ከአእምሮዬ አራት ውሸት ብጽፍለት ተቀብሎ አረንጓዴ ይሆን ነበር፤ ኮምፒዩተር ምን ያውቃል። ጣቴን አነሣሁ፤ ከዚያ ዓርብ ወዲህ ግን እምቢ ይለኛል።

አባባን ጠየቅሁ። “ከያፋ ውሰጂ” አሉኝ። ያፋ ደግሞ ከዓርብ ጀምሮ አታናግረኝም። ኩሽና ድረስ ሄጄ ስለምናት ወደ ዕቃ ማጠቢያው በአገጯ ጠቆመችኝ። ዋጋው ገባኝ። የሰንበቱን ድስት ሁሉ ፍቄ፣ አብርሼ፣ ደርድሬ ስጨርስ፣ ሳታየኝ፣ “ወርቁ” አለች። ባየ የወርቁ። ሮጬ ጻፍሁት።

ዛሬ ለአምስተኛው ሄድሁ። ማጠቢያው ንጹሕ ነው፤ የሚታጠብ አንድ ማንኪያ የለም። ያፋ አንድ ጊዜ አየችኝ፣ ትልቁን ድስት አወረደች፣ ሽሮ ጣደች፣ እሳቱን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጋ ለቀቀችው። ከዚያም ስልኳን ይዛ ዳኒን ልታናግር በረንዳ ወጣችና በሩን ዘጋች።

ይኸው ይህን እየጻፍሁ ይሸተኛል። ሽሮው እያረረ ነው፤ አምስተኛው አባቴ ከሥሩ ነው።